የሟችን ጅምር መጨረስ

ሱቄን ያስዘጋኝ ዓይኔ ነው። ሌላው ነገሬ ደህና ነው። እግሬን የስፌት መኪናውን መርገጫ መምታት አሁንም አይሰለቸውም፣ ጣቴም አይንቀጠቀጥም። ብቻ ጥቁር ክር በጥቁር ሱፍ ላይ ማየት ከተሳነኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። በትንሽ ባትሪ ዓይኔን ሲያይ ቆየና «አባባ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ ስለው ባትሪውን አጥፍቶ ዝም አለ። የሰውን ዝምታ መተርጎም ከአርባ ዓመት በላይ የሠራሁበት ነገር ስለሆነ ሌላ ማብራሪያ አልጠየቅሁም። አመስግኜው ወጣሁና በዚያው ሳምንት ሱቁን ዘጋሁ።

ስሜ ፈንታሁን ነው፤ ጎንደር አራዳ ላይ የሚያውቁኝ አያ ፈንታ ይሉኛል። ሱቅ መዝጋት ቀላል ሥራ ይመስለኝ ነበር። ቁልፉን ለአከራይ መልሶ ወደ ቤት መሄድ ነው ብዬ ነበር። የረሳሁት ማኅበራችንን ነው። ማኅበራችን ዛሬ እድር ነው፤ መምህር አለበት፣ ሹፌር አለበት፣ እህል ነጋዴ አለበት። ስሙ ግን እስካሁን «የልብስ ሰፊዎች» ነው። ሱቁን በዘጋሁ በሦስተኛው ቀን ጸሐፊያችን የሺ፣ ፀዳ ላይ ሱቅ ያላት ጎበዝ ልብስ ሰፊ፣ ደብተሯን ይዛ ቤቴ መጣች።

«አያ ፈንታ፣ ያልተሰፉ ቁራጮች አሉዎት አሉ። እኛ እንጨርሳቸው» አለችኝ።

«የምትጨርሱት የሟች ጅምር ነው። እኔ አልሞትሁም» አልኋት።

«እሱማ አልሞቱም» አለችና በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች። ባለቤቴ ያን ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። እምቢ ያልሁት በጥጋብ እንዳልሆነ ለማስረዳት ብዙ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ፤ እስከ አያ ካሴ ድረስ።

አያ ካሴ መምህሬ ነበር። አራዳ ላይ በአንድ የቆርቆሮ በረንዳ ሥር ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የከሰል ካውያና አንድ ረጅም ጠረጴዛ ነበረው። የካህናት ካባ በመስፋት እሱን የሚያክል አልነበረም። ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩም አጭር ነበር። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ሜትር አያነሳም። «እስቲ ወንድሜ፣ ከዚያ ማዶ ካለው ሱቅ ክብሪት ግዛልኝ» ይላል። ሰውየው ግራ እየገባው መንገዱን ተሻግሮ ይሄዳል፣ ክብሪቱን ይዞ ይመለሳል። አያ ካሴ አሄዱን በዓይኑ ይሸኛል፣ አመጣጡን በዓይኑ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ነው የሚለካው።

ሰው ሲለካ ራሱን ይገትራል ይል ነበር። ሆዱን ይሰበስባል፣ ደረቱን ይነፋል፣ ትከሻውን ያነሳል። ልብሱን የሚለብሰው ግን የተገተረው ሰውዬ ሳይሆን ክብሪት ሊገዛ የሚሄደው ነው። እኔ ያኔ ሜትር በአንገቴ ማንጠልጠል የሚያኮራኝ ጎረምሳ ስለነበርሁ ይህን እንደ ሽማግሌ ጨዋታ ነው የቆጠርሁት። ሲሞት ከመሳቢያው አንድ ጆንያ የሚሞላ ክብሪት ተገኘ፤ ለቀስተኛውም በእንባው መሀል ሳቀ።

የዚያን ጊዜው ማኅበር የሙያ ማኅበር ነበር። በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ዕለት፣ በተራ በየቤታችን እንሰበሰባለን። ጠላው ይጠጣል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ከዚያ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የምንለው፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል። የሌላውን ደንበኛ የጠራ ይወቀሳል፣ የተበላሸ ሥራ የሰጠ ይጠየቃል። አዲስ ልብስ ሰፊ የሚገባው አንድ ኮት ሰፍቶ ለሽማግሌዎቹ ካቀረበ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ኮቱን ከውጭ አያዩትም። ገልብጠው ገበሩን ነው የሚያዩት። እኔን ሲፈትኑኝ አንደኛው የብብቱን ስፌት በጥርሱ ይዞ ጎተተው። ስፌቱ ቻለ፤ የኔ ልብ ግን ሊተረተር ምንም አልቀረው።

ከሕጎቹ ሁሉ የሚበልጠው የሟች ጅምር ነበር። ልብስ ሰፊ ሲሞት ቆርጦ ያልሰፋው ሁልጊዜ ይቀራል። የሙሽራ ቀሚስ ይሆናል፣ የተማሪ ሱሪ ይሆናል። ባለቤቱ ለመጠየቅ ያፍራል፣ መበለቲቱ መልስ የላትም። ስለዚህ በሣልስቱ ማግስት ማኅበርተኛው ሁሉ ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ወደ ሟች ቤት ይሄዳል። መኪኖቻችንን በሸክም እናመጣለን። ሙሴው ቁራጮቹን ያከፋፍላል፣ እስከ ማታ ተሰፍተው ያልቃሉ። የሰፋው ሰው ስሙ አይነሳም። ልብሱ የሟቹ ሥራ ተብሎ ነው ለባለቤቱ የሚደርሰው። በአንድ በኩል ለቅሶ፣ በሌላ በኩል የመኪኖቹ ድምፅ፤ ሌላ አገር እንዲህ ያለ ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም።

አያ ካሴ ሲሞት ከጅምሮቹ ሁሉ የከበደው ለኔ ደረሰኝ። የመሪጌታ ክንፈ ካባ ነበር፤ ጥቁር ሱፍ፣ ውስጡ ሐር ገበር። መሪጌታ ክንፈ ረጅም፣ መልከ መልካም፣ ዝማሬ ሲመሩ ሕዝቡ የሚያፈጥባቸው ሰው ነበሩ። ጥምቀት ደርሶ ስለነበር ካባው ለዚያ ነበር የታሰበው። ሙሴው ሲሰጠኝ «የእጁ ልጅ አንተ ነህ» አለኝ። እኔም ኩራት ኩራት አለኝ።

ቁራጮቹን ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋ ደነገጥሁ። የግራው ትከሻ ከቀኙ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ተቆርጧል። ደጋግሜ ለካሁት፤ ያው ነው። አያ ካሴ በመጨረሻው ወር ታሞ ነበር የሚሠራው። እጁ ከድቶታል ብዬ ደመደምሁ። ሽማግሌዎቹ ዙሪያዬን ተቀምጠው እየሰፉ ነበር። ቢያዩ ምን ይላሉ? ካሴ በመጨረሻው ቁርጥ ሳተ ሊሉ ነው። የመምህሬን ስም ላድን ብዬ፣ በፍቅር ነው የምለው፣ ማንም ሳያየኝ መቀሱን አንስቼ የግራውን ትከሻ ከቀኙ ጋር አስተካከልሁት። ሁለቱ ጣት ጨርቅ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከቁራጮቹ ጋር በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ የጥጥ ትራስ ነበረች። የመርፌ መሰኪያ መስላኝ ያን ቀን ሙሉ መርፌዬን እየሰካሁባት ሰፋሁ። ካባው እንደ ወረቀት ቀጥ ብሎ አለቀ፤ ሽማግሌዎቹም ገልብጠው አይተው ደህና ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

የጥምቀት ዕለት ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ቀሐ ወርጄ ከሕዝቡ መሀል ቆምሁ። ሥራዬን ለማየት ነው የሄድሁት፤ አልዋሽም። ካህናቱ ሲወጡ መሪጌታ ክንፈን በዓይኔ ፈለግሁ። አገኘኋቸውና ማመን አቃተኝ። ግራ ትከሻቸው ወደ ታች ወርዷል። ካባው በዚያ በኩል ተንሸራቶ ጫፉ መሬት ይጠርጋል፤ መቋሚያቸውን በያዙበት እጅ ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ ይስቡታል። ወዲያው ተመልሶ ይወርዳል። አጠገቤ የነበረች ሴት «ኧረ መሪጌታን ምን ነካቸው? ምነው እንዲህ ጎበጡ?» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ «እርጅና ነዋ» አለቻት። ሰዎች እየተጠቋቆሙ ያዩዋቸው ነበር። መሪጌታ ዝማሬውን አላቋረጡም፤ ፊታቸው ግን አመድ መስሎ ነበር።

በቃና ዘገሊላ ማግስት ወደ ሱቁ መጡ። ካባው በክንዳቸው ላይ ታጥፏል። ወንበር አቀረብሁላቸው፤ አልተቀመጡም።

«በልጅነቴ ከዋርካ ወድቄ ትከሻዬ ተሰብሮ ነበር» አሉኝ። «የሚያውቅ እናቴና ካሴ ብቻ ነበሩ። እናቴ ሞተች። ካሴም ሞተ። ካሴ ጥጥ እያደረገ፣ ጨርቁን ከፍ እያደረገ፣ ሠላሳ ዓመት ቀጥ ብዬ እንድቆም አደረገኝ። አንድ ቀን እንኳ በቃል አላነሳውም። ምነው ልጄ፣ ምን በድየህ ነው?»

«የሳተ መስሎኝ ነው» አልኋቸው።

«ካሴ?» አሉ። አንድ ቃል ብቻ። ከዚያ ካባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው ወጡ። የመርፌ መሰኪያ ያደረግኋት ትራስ ፊት ለፊቴ ነበረች። በዕድሜዬ ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል፣ ሰድቦኛልም። እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም።

ጉዳዩ ማኅበሩ ፊት ቀረበ። እኔው ራሴ ነኝ ያቀረብሁት፤ ሌላ ሰው ሲያወራው ከመስማት ይሻላል ብዬ። ሽማግሌዎቹ አልጮሁብኝም። ሙሴው ብዙ አሰበና በሟች ጅምር ላይ መርፌ እንጂ መቀስ አይግባ አለ። ሟች ያንን ለምን እንዲያ እንደቆረጠው የሚነግረን የለም፤ ስለዚህ እንደቆረጠው ይሰፋ። ሕግ ሆኖ ተጻፈ። ስሜ አልተጠቀሰም። ግን ማን ምን እንዳደረገ ከተማው ሁሉ አወቀ።

ካባውን እንደገና መስራት ነበረብኝ። መሪጌታ ግን ሊለኩልኝ ፈቃደኛ አልነበሩም። ስለዚህ ማለዳ ማለዳ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ተቀምጬ ሲገቡና ሲወጡ ማየት ጀመርሁ። ክብሪት ግዙልኝ አልላቸው ነገር። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት አየሁ። ሲያነግሡ ትከሻው ምን ያህል እንደሚወርድ፣ ሲደክማቸው ምን ያህል እንደሚጨምር በዓይኔ ያዝሁ። ከዚያ አዲስ ሱፍ ቆረጥሁ፣ ትራሷንም በቦታዋ አስገባሁ። በአያ ካሴ መበለት እጅ ላክሁላቸው። ለፋሲካ ለበሱት፤ ቀጥ ብለው ቆሙ። ለኔ ግን ምንም አላሉኝም። ከዓመት በኋላ ጠርዙ የተተረተረ ጋቢ ላኩልኝ። ደስ ብሎኝ ሰፋሁት። ከዚያም አንሶላ ላኩ፣ ከዚያ የመጽሐፍ መያዣ። እስኪሞቱ ድረስ ሥራ አላጎደሉብኝም፤ ትከሻ ያለው ልብስ ግን አንድም አላሰፉኝም።

የካህናት ሥራ ከዚያ በኋላ ራቀኝ። በኅብረት ሥራ ተደራጁ በተባለበት ዘመን በአንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ የደንብ ልብስ ሰፋሁ። አለቃችን ሁሉም ሰው በሦስት ቁጥር ይመደባል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። ጥሩ ሰው ነበር። ስለ ሥራው ግን የማወራው የለኝም፤ ደመወዙ በሰዓቱ ይመጣ ነበር።

አዳራሹ ሲዘጋ መኪናዬን ተሸክሜ ወደ ደጋዋ ከተማ ኮሶዬ ወጣሁ። በገበያ ቀን በአንድ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለገበሬው ኮት እሰፋ ነበር። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። የመጀመሪያው ደንበኛዬ ደልዳላ ገበሬ ነበር፤ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጆቹን ከላይ ጥሎበት ቆመ።

«ዱላህን አስቀምጥና ልለካህ» አልሁት።

«ምነው? ዱላየን ጥየ የት ነው የምሄድ?» አለኝ።

ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን አያ ካሴ ትዝ አለኝ። ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚውለው እጁን ዱላ ላይ ሰቅሎ ነው። በተገተረ ልክ ብሰፋለት እጅጌው እስከ ክርኑ ይሰበሰባል፣ ብብቱ ይቀደዳል። ዱላውን እንደያዘ ለካሁት። እጅጌውን አስረዘምሁ፣ ብብቱን አሰፋሁ። በሚቀጥለው ገበያ ለብሶት መጣና እጆቹን እንደሰቀለ በበረንዳው ፊት ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። «ሸጋ ነው» አለ። ያን ቀን ሰባት ሰው ዱላውን ይዞ ተሰለፈ። በሥራ ዘመኔ ሙሉ ሰው ሆኛለሁ ብዬ ያመንሁት ኮሶዬ ላይ ነው።

ወደ ጎንደር ስመለስ ሰልባጅ ገብቶ ነበር። ሰው በአንድ ሱሪ ዋጋ ሦስት ይገዛል፤ አልፈርድበትም። ልብስ ሰፊዎች አንድ በአንድ መኪናቸውን ሸጡ። ማኅበሩ ሊበተን ሲል ጎረቤቶቻችን ገቡበት። ድንኳናችንን ወደዱት፤ እኛው የሰፋነው ስለሆነ ውሃ አያስገባም ነበር። መጀመሪያ ሁለት ነጋዴ፣ ቀጥሎ መምህር ወርቁ፣ ቀጥሎ ሹፌሩ ጌታቸው። ወንበር ተገዛ፣ ጡሩምባ ነፊ ተቀጠረ፣ ሙሴ የሚለው ስም ቀርቶ ዳኛ ተባለ። የገበር ፍተሻው ቀረ። የደንበኛ ክሱ ቀረ። ለታመመ መጠየቅ፣ ላዘነ ማስተዛዘን፣ አሳዳጊ ላጣ ልጅ ደብተር መግዛት መጣ። የሟች ጅምር ግን ደንቡ ላይ እንደነበረ ነበር።

መምህር ወርቁ የተማረና የሚያስብ ሰው ነው፤ ነገር ዝም ብሎ አያልፍም። በአንድ ጠቅላላ ጉባኤ ተነሥቶ «ይህ አንቀጽ ይሰረዝ። የሟች የልብስ ጅምር በአባላቱ ይጨረሳል ይላል። ልብስ ሰፊ የቀራችሁት ሦስት ናችሁ። እኔ ብሞት ምን ልትሰፉልኝ ነው? የሹፌር ጅምርስ ምንድን ነው?» አለ። ሰው ሳቀ። ጌታቸው ራሱ ከሁሉ አስበልጦ ሳቀ። እኔ ተቃወምሁ፤ ግን የምለው ሁሉ የሽማግሌ ልማድ መሰለ። በይደር አለፈ።

ጌታቸው የሞተው ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ነው፤ ልቡ ነው አሉ። ተቀበረ። በሣልስቱ ማግስት ዳኛው፣ መምህር ወርቁና እኔ ወደ ፀዳ፣ ወደ ቤቱ ሄድን። አንቀጹ ገና ስላልተሰረዘ መጠየቅ ግዴታ ነበር። ዳኛው ጉሮሮውን ጠርጎ «እህታችን፣ ጌታቸው ጅምር ነበረው?» አላት። መምህር ወርቁ መሬት መሬት አየ። መልስ የሌለው ጥያቄ ሐዘንተኛ ላይ መጣል አሳፍሮት ነበር።

«ቆርቆሮው አለ እንጂ» አለች ባለቤቱ።

ግቢው ጥግ ላይ በሸራ የተሸፈነ የጣሪያ ቆርቆሮ ነበር። ከኮሶዬ ወዲያ ከመንገዱ ገባ ብሎ ያለ የአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከከተማ ገዝተው፣ ጌታቸው በነፃ ላድርስላችሁ ስላላቸው ለእሱ ሰጥተውት ነበር። የገጠሩ ሰዎች የድሮውን የሣር ክዳን አፍርሰው፣ ታቦቱን ድንኳን ውስጥ አስቀምጠው እየጠበቁት ነው። ሰኔ ገብቷል። ወርቁ ሸራውን ገልጦ አየ፣ መልሶ ሸፈነው።

እህል ነጋዴው አባላችን መኪናውን ሰጠ። በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰው ሆነን ወጣን። ነጠላችንን እንዳዘቀዘቅን ነበር። ወርቁ ቆርቆሮው እንዳይንሸራተት ላዩ ላይ ተቀምጦ ነው እስከ ኮሶዬ የወጣው። ከዋናው መንገድ ስንወጣ መኪናው በጭቃ ተያዘ፤ ወርደን ገፋን። ቤተ ክርስቲያኑ ሲታይ ሰዎች ከእርሻው እየሮጡ መጡ። የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ፣ ገበዙ፣ ከፊት ነበሩ፤ ወደ ሹፌሩ በር ሄደው አንገታቸውን አስገቡ።

«ጌታቸውስ? ምነው ጌታቸው ቀረ?» አሉ።

ወርቁ ከቆርቆሮው ላይ ወረደ። «እሱ... እሱ ልኮን ነው የመጣን» አለ። ገበዙ ነጠላችንን አዩ። ሁላችንንም በየተራ አዩን። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። የገጠሩ ሰዎች ገባቸውና ለቅሶው ተነሣ። እኛ ቆርቆሮ ስናወርድ እነሱ ያለቅሱ ነበር።

አውርደን ልንሄድ ስንል ገበዙ ወርቁን እጁን ያዙት። «የክርስትና ስሙን ንገሩኝ፣ በጸሎት ልናስበው» አሉት። ወርቁ ወደኔ ዞረ። እኔ ወደ ዳኛው ዞርሁ። አብረነው የኖርነው ሰዎች አናውቀውም! ወርቁ ስልኩን ይዞ ከጉብታ ጉብታ እየተሯሯጠ ኔትወርክ ፈለገ፤ የጌታቸውን ባለቤት አግኝቶ ጠየቃትና እየሮጠ ተመለሰ። ስሙንም ለገበዙ ነገራቸው።

በሚቀጥለው ጉባኤ ዳኛው የይደሩን ጉዳይ አነሣ። ወርቁ ተነሥቶ «አንቀጹ ይቆይ። የልብስ የሚለው ብቻ ይውጣ» ብሎ ተቀመጠ። ማንም አልተከራከረም። ከዚያ ወዲህ የአንዱን ግማሽ የቆመ አጥር ጨርሰናል። የአንዷን የታጠበ በርበሬ አድርቀን አስፈጭተናል። አንድ ሽማግሌ አባላችን ሁለት ወንድማማቾችን ሲያስታርቅ በመሀል ስለሞተ ሽምግልናውን ቀጥለን አስታርቀናል፤ እሱ ከአጥሩ የበለጠ ጉልበት ፈጀ። የሙያ ማኅበር የነበርነው ሰዎች እንዲህ ነው ሌላ ነገር የሆንነው። ያቀደውም ያወጀውም ሰው የለም።

እንግዲህ የሺን እምቢ ያልሁት ለምንድን ነው? ለባለቤቴ የነገርኋት በአያ ካሴ ላይ ያደረግሁትን አንድ ሰው በኔ ላይ እንዳያደርገው ፈርቼ ነው ብዬ ነው። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለራሴም አልተናገርሁትም ነበር። ዓይኔ ከደከመ በኋላ ለማንም ሳልናገር ለወራት ጨርቅ ቆርጫለሁ። በጣቴ እየዳሰስሁ፣ በልማድ ቆርጫለሁ። በእነዚያ ቁራጮች ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም። በአራዳ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በአንድ ነገር ነው፤ ፈንታ አይስትም ይላሉ። ከመሪጌታ ወዲህ ያንን ስም ያገኘሁት በስንት ልፋት ነው።

የሺ ግን ተመልሳ መጣች። በዚህ ጊዜ ደብተር አልያዘችም። «አያ ፈንታ፣» አለችኝ፣ «ዛሬ ቁራጩ ግራ ቢገባኝ እርስዎን እጠይቅዎታለሁ። ሞተው ቢሆን ማንን እጠይቃለሁ?» «ሐሙስ ኑ» አልኋት።

ሐሙስ ጠዋት መጡ። የሺና ሌላው ልብስ ሰፊ መኪኖቻቸውን በባጃጅ አመጡ። መምህር ወርቁ መስፋት ባይችልም ካውያ ልያዝ ብሎ መጣ። እኔን በር ላይ ወንበር አድርገው አስቀመጡኝ። በሕይወት እያሉ የራስን ጅምር ሲከፋፈሉ ማየት ምን ዓይነት ስሜት እንዳለው እንዴት እንደምናገር አላውቅም፤ ቤቱ የኔ ነው፣ እኔ ግን እንግዳ ነበርሁ። መጀመሪያ የተነሡት ሁለት ሱሪዎች ነበሩ፤ ያለ ጥያቄ አለቁ። የመኪናው ድምፅ አስደሰተኝ። ሦስተኛው ለአንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የቆረጥሁት ግራጫ ኮት ነበር። የሺ ቁራጮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። እጥፉን ገልብጣ እንደገና ዘረጋችው።

«አያ ፈንታ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «የቀኙ የፊት ቁራጭ ከግራው ይረዝማል። ሰውየው ያነክሳል እንዴ? ወይስ ወገቡ ዘንበል ያለ ነው? እንዳልነካው ብዬ ነው።»

ቁራጩን ሰጠችኝ። በጣቶቼ ከአንገቱ እስከ ጫፉ ዳሰስሁት፣ ከዚያ ግራውን ዳሰስሁ። የሺ ልክ ናት። ሰውየው ትዝ አለኝ፤ አሄዱን አይቻለሁ፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ጎልማሳ ነው። መኪኖቹ ቆመዋል። ወርቁ ካውያውን እንደያዘ ያየኛል። አንድ ነገር መፍጠር እችል ነበር፤ አዎ ያነክሳል ብል ሁሉም ያምኑኛል፣ ኮቱም ተንሻፎ ይሰፋል፣ ስሜም እንዳለ ይቀራል።

«ሰውየው ምንም የለበትም» አልሁ። «የሳትሁት እኔ ነኝ። ቁረጪው።»

የሺ መቀሱን አላነሳችም። ወደ ሌላው ልብስ ሰፊ አየች፣ ወደኔ አየች።

«ቁረጪው እንጂ የኔ ልጅ» አልኋት። «እኔ አለሁ።»